ከተማዋን የዞረ መንገድ

ቢሮው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ወጪና ወራጅ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን ያሳልፋል። ክፍሉ ግን ሰፊ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ የአንድ አገር ካርታ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሩቅ አገር ነው። ስፋቱ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ባቡሩ ቀን ከሌት ሲሄድ ከርሞ ሰው በመስኮት አሻግሮ ሲያይ አሁንም እዚያው አገር ውስጥ ነው። ቢሮው ሌላ ሥራ የለውም። «እረፍቴን ሰው በማይደርስበት ቦታ ላሳልፍ» ብሎ ለሚመጣ ሁሉ፣ ለእሱ ብቻ የታሰበ ጉዞ ወደዚያ አገር ጥጋጥግ ያዘጋጃል። የታችኛው ልብስ ሰፊ ሰውን በሜትር ይለካል፣ የላይኞቹ በጥያቄ ይለካሉ።

ጠያቂዋ ጉዞ አዘጋጇ ናት። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሳቋ ገና ደረጃው ላይ ሳለች የሚሰማ ሴት ናት። ያን አገር ከካርታው ላይ ጥርት አድርጋ ታውቀዋለች፤ እግሯ ግን ረግጦት አያውቅም። ይህን ደንበኞቿ አይጠይቋትም፣ እሷም ቸኩላ አትነግራቸውም። ደንበኛውን መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ታስቀምጥና ሌላ ቦታ የማይጠየቀውን ትጠይቀዋለች፦ ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? እንቅልፍ የሚነሳዎት ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ብቻዎን ሲሆኑ ምን ያስፈራዎታል? ሰው ቦታ ሊመርጥ ይመጣና ስለ ራሱ ሲናዘዝ ያረፍዳል። ከዚያ መልሱን ይዛ ማዶ ትደውላለች። የደንበኛ ስም በስልክ እንዳይነገር አለቃዋ ስለከለከሉ ለያንዳንዱ ቅጽል ታወጣለታለች፤ አንዷ ወይዘሮ ጥርጥር ናት፣ አንዱ ኩርፊያና ባለቤቱ ነው፣ አንዱ ደግሞ ጋሽ ቴርሞስ። ማዶ ያለው አስጎብኚ ቅጽሉን በሰማ ቁጥር ይስቃል። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

አስጎብኚው የአገሯ ልጅ ነው። ለትምህርት ብሎ ገና በወጣትነቱ ሄደ፣ ትምህርቱ አለቀ፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ። የሚኖረው ተራሮቹ ግርጌ ባለች የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነው። በነሱ ሥራ ቢሮው ይነድፋል፣ አስጎብኚው ደግሞ መንገዱን ሄዶ አይቶ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» ይላል። እሱ «ይሄዳል» ካላለ ማንም ሰው ሻንጣውን አይዘጋም። ይህን የሚልላት በድምፅ መልእክት ነው። «አለቃዬ» ይላታል፤ አለቃው አለመሆኗን እያወቀ። «አለቃዬ፣ አሁን የተራራው መተላለፊያ አናት ላይ ነኝ። ነፋሱ ስለሚረብሽሽ መኪና ውስጥ ገብቼ ነው የማወራሽ።» ከዚያ ስለ በረዶው ቀለም፣ ስለ ወንዙ ድምፅ፣ መንገድ ዳር ቆመው ስለሚያዩት ፈረሶች ያወራላታል።

እሷ ይህን ድምፅ አልጋ ውስጥ ትሰማዋለች፣ ጥርሷን ስትቦርሽ ትሰማዋለች፣ ታክሲ ውስጥ ትሰማውና መውረጃዋን ታልፋለች። ነፋስ እንዳይረብሻት ብሎ መኪና ውስጥ መግባቱ ብቻ አንጀቷን ይበላዋል። ፎቶ ላክልኝ ስትለው ካሜራ አልወድም ይላል። ፊቱን ያየችው ቢሮው ድሮ ባስቀረው አንድ ጉርድ ፎቶ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ያም ሆኖ ወደደችው። እሱም እንደወደዳት ነግሯታል፤ አንዴ ብቻ፣ ስለ አንድ የተዘጋ መንገድ እያወራት ሳለ መሃል ላይ አስገብቶ።

እናቷ ዕድሜዋን በሆስፒታል የፈጀች፣ አሁን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ይህን ፍቅር ገና ከጥንቱ ጠምዳዋለች። «ድምፅ አያገባም፣ ልጄ» ትላታለች። አንድ ቀን ልጅቷ ሳህን እያጠበች መልእክቱን ጮክ አድርጋ ከፈተችው። እናትየው ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ሰማችና «ይሄ ልጅ ተኝቶ ነው የሚያወራው» አለች።

«መኪና ውስጥ ነው እማዬ። ሰማሽው አይደል?»

«መኪና ውስጥም ሰው ይቀመጣል። ይሄ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ስንት ዘመን ከዚህ ድምፅ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ለዚያ ሰው እንከን ለማውጣት ትንፋሹን ሳይቀር እንደምትመዝን ቆጠረችው። ቅር ብሏት ግን ሙሉ ቀን ሳታናግራት ዋለች።

*

አሁን ስለ ጋሽ ቴርሞስ መናገር የግድ ነው፤ ብንዘለው ደስ ባለን፣ ግን አይዘለልም። ጋሽ ቴርሞስ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ቴርሞሳቸውን ታቅፈው መስኮቱ ሥር ተቀመጡና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ሳይ ኖሬአለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዳርቻ የሌለው ነገር ልይ አሉ። ጉዞ አዘጋጇ ከወደደቻቸው ደንበኞች ሁሉ የበለጠ ወደደቻቸው። ዳርቻ የሌለው ሜዳ መሃል፣ ብቻዋን የቆመች የእንግዳ ማረፊያ መረጠችላቸው። አስጎብኚውም ማረፊያዋን በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ክፍት ናት፣ ሞቃት ናት አለ።

ሰውዬው ሲደርሱ ማረፊያዋ የለችም። ተቃጥላለች። ያደረሳቸው መኪና ጥሏቸው ሄዷል፣ ሌላው የሚመጣው በነጋታው ነው። ሌሊቱን ከተረፈ የግድግዳ ጥግ ሥር አሳለፉት። ከሞት ተረፉ፤ ብርዱ ግን የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በላቸው፣ ሐኪሞቹም ቆረጧቸው። አለቃዋ በዚያን ጊዜ ይህ አስጎብኚ ይቅርብን ብለው ነበር። እሷ ናት አይሆንም ያለችው። እሱ ካየ በኋላ ተቃጥላ ይሆናል እንጂ እሱ ያላየውን አይቻለሁ አይልም ብላ ተከራከረች። ሆስፒታል ድረስ ሄዳ፣ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በተኙት ሰውዬ ፊት ቆማ ይህንኑ ማለች። እሳቸውም አመኗት፣ እንዲያውም አይዞሽ አሏት።

ጊዜ አለፈ። የዓመት እረፍቷ ሲደርስ ጉዞ አዘጋጇ ለራሷ ጉዞ ልታዘጋጅ ቆረጠች። ለአለቃዋ ነገረች፣ ለእናቷ ነገረች፤ ለእሱ ግን አልነገረችውም። በሩ ላይ ድንገት ቆማ «አለቃህ መጣች» ልትለው ነው ሐሳቧ። ግን ያለ እሱ «ይሄዳል» መንገድ አይነደፍም፤ ስለዚህ ደንበኛ ፈጠረች። ዝምተኛዋ አለቻት። ብቻዋን የምትጓዝ፣ ብዙ የማታወራ፣ ተራሮቹን ማየት የምትፈልግ ሴት ናት አለችው።

«እሺ» አላት፣ «ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ውሸታም ብትሆን ኖሮ እንጀራ ቆርሳ ትበላለች ወይ መስኮት ትከፍታለች ትለው ነበር። እሷ ግን ስንት ዓመት ሰውን እውነት ስታናግር የኖረችበትን ጥያቄ በውሸት መመለስ አልሆነላትም። ጥያቄው ሲመጣ አፏ እውነቱን ተናገረ። ሌሎቹንም እንደዚያው መለሰች፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንቅልፍ ይነሳታል፣ ብቻዋን ስትሆን የምትፈራው ተረስታ መቅረትን ነው። ስልኩን ስትዘጋ እንዳላወቀባት እርግጠኛ ነበረች።

ከዚያ የሚያስቀው መጣ። አስጎብኚው ለዝምተኛዋ የማያደርገው ነገር ጠፋ። ዝምተኛዋ ባቡሩ ላይ በግራ በኩል ትቀመጥ፣ ሐይቁ በዚያ በኩል ነው። ዝምተኛዋ የምታድርበት ክፍል ቧንቧው ከአልጋው እንዲርቅ አስነግሬአለሁ። ዝምተኛዋን አደራ ብዬ ለሴት ሾፌር ሰጥቻታለሁ። ድምፁ ለስልሷል፤ እንዲህ ለስልሶ ለማንም ደንበኛ አውርቶ አያውቅም። ጉዞ አዘጋጇ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ ከፋት፣ በሳምንቱ መጨረሻ እርር ድብን አለች። አገኘሁሽ አትላት፣ አትነካት፤ ራሷ በፈጠረቻት ሴት ቀናች።

*

በቢሮው ደንብ መንገዱ ሲያልቅ ካርታው ላይ ቀይ ክር በመርፌ እየተሰካ ይዘረጋል፤ ደንበኛ ያንን ማየት ይወዳል። አንድ ጠዋት አለቃዋ ሳይገቡ የራሷን ክር መሰካት ጀመረች። ሐይቁ፣ ጫካው፣ የፈረሶቹ ሜዳ፣ መተላለፊያው፤ በነዚያ ዓመታት ያወራላት ሁሉ አለ። ምንም አልረሳም። ክሩ ወደ ተራሮቹ ግርጌ ሲደርስ ግን ታጠፈ። ዋናው መንገድ በእሱ ከተማ መሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የእሱ መንገድ ግን ከከተማዋ ደጃፍ ተመልሶ በበረሃው በኩል ዙሪያውን ይዞርና ከወዲያ ማዶ ይወጣል። አንድ ሙሉ ቀን የሚበላ ዙር ነው። የሰካችውን ነቅላ እንደገና ሰካችው፤ ክሩ ያው ነው።

ለምን ብላ ስትጠይቀው ወደ ከተማዋ የሚያስገባው ድልድይ በጎርፍ ፈርሷል አላት። እሷም አመነችው። ግን እጇ አላረፈም፣ ወደዚያች ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ደወለች። የአገሩን ቋንቋ ከሥራው ብዛት እየሰባበረች ትናገራለች። ቲኬት ቆራጯ ድልድዩ ምን ሆነ ብላ ደንግጣ ጠየቀቻት፤ አውቶቡሱ ገና አሁን ተሻግሮ መግባቱ ነው።

ስልኩን አስቀመጠችና የሻንጣ መለያ ካርዶች የሚቀመጡበት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ሚስት አለችው። ልጆችም ይኖሩታል። በአንደኛው መንገድ ዳር ካንዲት ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የቢሮው ደንበኛ እንዲያየው አልፈለገም። ፎቶ የማይወደውም ለዚሁ ነው። እሷ ለዓመታት መውረጃዋን ያለፈችው ለሰው ባል ኖሯል። እንዲህ ብላ ነገሩን ዘጋችው፤ ግን አንድ ነገር አልዘጋ አላት። እናቷ ፎጣ ይዛ ቆማ ያለችው ነገር እስከ ጓዳው ድረስ ተከትሏት መጣ።

በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ደወለችለት። መልእክት አይደለም፣ ደወለች። ወዲያው አነሳው።

«ድልድዩ አልፈረሰም» አለችው።

ከሥሯ የልብስ ስፌት መኪናው ሲንተረተር ይሰማታል።

«አውቶቡሱ ዛሬም አልፎበታል። ሚስት ካለችህ ንገረኝና ልረፍ።»

ሳቀ፤ ግን የምታውቀው ሳቅ አይደለም። «ሚስት ብትኖረኝ ምናለበት» አለ። «ዝምተኛዋ ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ አለቃዬ። ከመጀመሪያው መልስሽ ነው ያወቅኩት። ስትነቃ ዓይኗን ሳትገልጥ ስልኳን ትፈልጋለች፣ የመጣላት ድምፅ ካለ ታዳምጣለች አልሽኝ። ከዚያ በኋላ ሌላውን የጠየቅኩሽ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«እያወቅክ ነው ከተማህን ያዞርከኝ?»

«እያወቅኩ።»

ልትሰድበው ነበር። ስድቡ አፏ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ተኝተህ ነው የምታወራኝ?»

ይህን ሲሰማ ትንፋሹ ተቋረጠ። ስልኩ የተዘጋ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው። አልተዘጋም።

«ማን ነገረሽ?» አለ በመጨረሻ።

«እማዬ።»

ከዚያ ነገራት። ዞር ዞር ሳይል፣ ስለ መንገድ ሲያወራ እንደለመደው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ነገራት። ባለፈው ዓመት ሳይሆን ካቻምና በብርዱ ወራት፣ ለአንድ ደንበኛ መንገድ ሊያይ ብቻውን ወጥቶ መኪናው ተገለበጠች። አከርካሪው ተመታ። ከወገቡ በታች የራሱ አይደለም። በአንዲት አሮጊት አከራይ ቤት የኋላ ክፍል ተኝቶ ይኖራል፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተፋጥጧል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲያልፉ ይጠይቁታል፤ ከነሱ የሰማውን ካስታወሰው ጋር እያገናኘ ለእሷ ያወራላታል። መተላለፊያ አናት ላይ ነኝ ሲላት እዚያው አልጋ ላይ ነው። መኪና ውስጥ ገባሁ ሲላትም እዚያው ነው።

ከአንጀቷ አዘነችለት። ልትለው የምትፈልገው የፍቅር ቃል ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ወዲያው ደግሞ ካቻምና ያለው ገባት። ካቻምና ማለት ከጋሽ ቴርሞስ ጉዞ በፊት ነው።

«ጋሽ ቴርሞስ» አለች።

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ማረፊያዋን በዓይኔ አይቻታለሁ ብለኸኛል።»

«አይቻት ነበር። ድሮ።»

«ድሮ» አለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ሌላ ነገር እኮ የላቸውም፣ ጣታቸው ነበር ያላቸው። እኔ ደግሞ ያ ሰው ያላየውን አይቻለሁ አይልም ብዬ ፊታቸው ቆሜ ማልኩልህ።»

«አውቃለሁ። መማልሽን ነግረሽኛል።» አለ። «ብነግርሽ ሥራው ይቀራል። ሥራው ከቀረ አንቺ ትቀሪያለሽ። አንቺ ከቀረሽ ይሄ ግድግዳ ብቻ ነው የሚተርፈኝ። እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን ልንገራት፣ ነገ ልንገራት ስል ሽማግሌው ሄዱ።»

«ለቢሮው አለቃ እነግራቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ባንተ ቃል የሚሄድ ሰው አይኖርም።»

«ንገሪያቸው።»

«ለጋሽ ቴርሞስም እነግራቸዋለሁ።»

«ለሳቸውም ንገሪያቸው። እኔ መናገር ነበረብኝ።»

«ከዚያ እመጣለሁ።»

«አትምጪ» አለ፤ ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ጉዞሽን ሂጂ። ያንቺን መንገድ ሾፌሮቹን እያስማልኩ ነው ያረጋገጥኩት፣ አንዲት የፈጠርኳት ነገር የለችበትም። ሐይቁን እዪ፣ ፈረሶቹን እዪ። እኔን አትዪኝ። ላንቺ መንገድ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ እንደዚያው ልቅር።»

ዘጋው። ጉዞ አዘጋጇ ስልኩን እንደያዘች ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትወደዋለች፤ ልታየውም ልታንቀውም ትፈልጋለች፤ የትኛው እንደሚበልጥ አታውቅም ነበር።

*

አለቃዋ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ አልጮኹም። ብዙ ሰው በዚያ ቃል ልከናል አሉ፣ ደግመውም ብዙ ሰው ልከናል አሉ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። የአስጎብኚው ሥራ በዚያው ቀን አከተመ። የጨረሰችው እሷ ናት፤ በገዛ አፏ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ጋሽ ቴርሞስ ቤት መሄድ ከዚህ ይከፋ ነበር። በግራ እጃቸው በሩን ከፈቱላት፣ በግራ እጃቸው ሻይ ቀዱላት። ጠረጴዛቸው ላይ የተፈታ የእጅ ሰዓት በመስታወት ክዳን ተከድኖ ተቀምጧል፤ ማን ፈትቶት ማን እንደሚገጥመው አልጠየቀችም። የማለችው በውሸት እንደሆነ ነገረቻቸው፣ ሳታውቅ እንደሆነ ግን ልትነግራቸው አፈረች። እሳቸው ራሳቸው ናቸው «አንቺማ ምን ታውቂያለሽ» ያሏት።

ሻዩን ወደ እሷ ገፉላት። ከዚያ ያ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቋት። አለ አለቻቸው፤ እንዴት እንዳለም ነገረቻቸው።

«ልታዪው ነው የምትሄጂው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይቅር ብዬዋለሁ በይው እንድልሽ አትጠብቂ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ደክሟቸው ነው። «እንደዚያ አላልኩም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በዚያች ማረፊያ በኩል የምታልፊ ከሆነ ወርደሽ እዪያት። አንድ ሰው እንኳ በዓይኑ ይያት።»

እናቷ አትሂጂ አላለቻትም። ሻንጣውን ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጣ ወፍራም ካልሲ እያጣጠፈች ታቀብላት ነበር። ሲጨርሱ ግን መናገሯ አልቀረም። «ስሚኝ» አለቻት፣ «ማስታመም ፍቅር አይደለም፣ ሥራ ነው። እኔ ደሞዝ ይከፈለኝ ነበር፣ ማታ ደግሞ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። አንቺ ሁለቱንም አታገኚም። ይህን አውቀሽ ሂጂ።» ልጅቷ ተንበርክካ እናቷ ጭን ላይ ፊቷን ደፋች፤ እናቲቱም ካልሲውን እንደያዘች ጸጉሯን ዳበሰቻት።

*

ዝምተኛዋ በተነደፈላት መንገድ አልሄደችም። ሐይቁን አላየችም፣ ወደ ፈረሶቹ ሜዳ አልወጣችም። ባቡር፣ ከባቡሩ አውቶቡስ፣ በመሃል አንድ ቦታ ወርዳ የኮንትራት መኪና፣ እንደገና አውቶቡስ፤ ከዚያ ከተማዋ።

አከራይዋ አሮጊት በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራስ አየቻትና፣ ምንም ሳትጠይቅ በጣቷ የኮሪደሩን ጫፍ አሳየቻት።

የምትመጣበትን ቀን ጽፋለት ነበር፤ አልመለሰላትም። ግን ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ቁልፎቹ እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ጉርዱ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ አይደለም። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ትከሻው ጠቧል፣ ብርድ ልብሱ ከወገቡ በታች ሰው ያለበት አይመስልም። ይህን ጠብቃ ስለመጣች ቻለችው። ያልጠበቀችው አፉን ሲከፍት የሆነውን ነው፤ ያ ድምፅ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አልጋ ውስጥ የሰማችው፣ ከዚህ የማታውቀው ፊት ወጣ።

«መጣሽ» አላት።

«ይቅር ልልህ አልመጣሁም።» በሩን ሳትለቅ ነው ያለችው።

«አውቃለሁ።»

«ልኖርም አልመጣሁም። እረፍቴ ሲያልቅ እመለሳለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ተቀመጪ።»

አንድ ወንበር ነበር፣ ተቀመጠች። ለዓመታት ሌሊትና ቀን ያወሩ ሰዎች፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲገናኙ የሚሉት አጡ። እሱ ጣሪያውን ያያል፣ እሷ እጁን ታያለች። እንደዚህ ያለ ትልቅ እጅ ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ልትይዘው ፈለገች፣ የጋሽ ቴርሞስ እጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፣ ተወችው።

ለምን እንደጠየቀችው እሷም አታውቅም። ምናልባት ክፋት ነው፣ ምናልባት ስታናግረው የኖረችበት መንገድ ሌላ ስላልነበረ ነው።

«ዛሬ ዋናው መንገድ እንዴት ነው?» አለችው።

አፉን ከፈተ። መልሱ ከንፈሩ ላይ ሲመጣ አየችው፤ ክፍት ነው ሊላት ነው፣ በረዶው ሳስቷል ሊላት ነው፣ ያ የሚያምረው አወራሩ እንዳለ ነበር። ከዚያ አፉን ዘጋው።

«አላውቅም» አላት።

በነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ቃል ከእሱ ሰምታ አታውቅም። እንባው በጎንና በጎን ወደ ጆሮው ወረደ፤ ሊጠርገው አልሞከረም፣ እሷም አልጠረገችለትም። ግን ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«እኔ ልንገርህ» አለችው።

ነገረችው። ከባቡር ጣቢያው ጀመረች፤ ነጩ ሜዳ ዓይን እስኪያም ድረስ እንደሚያንጸባርቅ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የሁሉም ሰው ካፖርት ርጥብ ርጥብ እንደሚሸት፣ ሾፌሩ ዳገት ላይ እንዴት ብቻውን እንደሚያጉረመርም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማታል። ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ። ማረፊያዋ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን አላለሰለሰችውም። መኪናውን አስቁማ እንደወረደች፣ በረዶው እስከ ጉልበቷ እንደደረሰ፣ ከማረፊያዋ የቀረው አንድ ጥቁር ጥግ እንደሆነ ነገረችው።

«ጥጉ ውስጥ ገብቼ ቆምኩበት» አለችው። «ካንድ ሰው ትከሻ አይሰፋም። ነፋሱ ከሁለቱም በኩል ይገባል። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ነበሩ።»

«አለቃዬ» አለ።

«ልተወው?»

«አትተዪው። እስከ መጨረሻው ንገሪኝ።»

እጁን መቼ እንደያዘችው አላወቀችም። ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቶቹ አምስቱም አሉ፣ የእሷን አጥብቀው ይዘዋል። ይቅር አላለችውም፤ ከዚያ ክፍል ስትወጣም ይቅር እንደማትለው ታውቃለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከጥቁሩ ጥግ ወጥታ መኪናው ውስጥ እንደገባች፣ ከዚያም ወደ እሱ ከተማ የሚያመጣውን መንገድ እንደያዘች ነገረችው።